ተጠየቅ በእንግሊዝኛ

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ስማር ጢሜ ወጥቶ ነበር። የክፍሉ ልጆች ግማሾቹ ብብቴ ስር ያልፋሉ። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም። ከስማዳ ስነሳ መጀመሪያ የሄድኩት ቤተ ልሔም፣ ድጓ ልማር ነበር። ዜማው ይገባኝ ነበር፤ ክፋቱ የራሴን ግጥም በመሃሉ መሰካት አመል ሆነብኝ። አንድ ቀን የኔታ ጠርተውኝ «ልጄ፣ አንተ የጠፋህ ከሌላ ቤት ነው፤ እዚያ ይፈልጉሃል» አሉኝ። ወጣሁ።

አባቴ የአስኳላ ትምህርት ቤት እንድገባ የፈቀደው በአንድ ውል ነው። ክፍል እስካልወረድኩ ድረስ ስንቅ ይልክልኛል፤ የወረድኩ ዕለት ግን ወደ ቤት። ከወገዳ ገበያ ወደ እኛ በሚያልፍ ሰው ሁሉ ያንኑ ቃል ይልክብኛል፦ «በሬዎቹም ልጅቷም ይጠብቁሃል በሉት።» ልጅቷን አላውቃትም። በሬዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው ተራጋጭ ነው።

ሊያወርደኝ የተነሳው ሒሳብ አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ዩ አር ኤ ፋርመር» ብለው ጻፉ፣ ገበሬ ነህ ማለት ነው። ከዚያ «አር»ን ከመሃል ነቅለው ፊት አቆሟት፦ «አር ዩ ኤ ፋርመር»። ገበሬ ነህ የነበረው ገበሬ ነህ ወይ ሆነ። እንደ «አር» ያለ የሚነቀል ቃል የሌለበት ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ደግሞ «ዱ» የሚባል ከደጅ ይጠራል። ለእሱ የዚያኑ ዕለት ግጥም ገጠምኩለት፦

ዱ የሚባል ሎሌ ደመወዝ የሌለው፣
ጥያቄ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው።

ያለፈ ነገር ከሆነ «ዱ» «ዲድ» ይሆናል። ያለፈውን ጊዜ እሱ ከተሸከመ ዋናው ግሥ ባዶውን ይሄዳል፤ ለአንድ ጭነት ሁለት በቅሎ አይጫንም። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አሳምሬ አውቅ ነበር። ችግሩ ጠይቅ ተብዬ ስቆም ነው። ቤተ ልሔም የኔታ ይመራሉ፣ እኛ እንከተላለን፤ ተማሪ ቀና ብሎ መምህሩን አይመረምርም። ያ አንገቴ ላይ ቀርቶ ነው መሰለኝ፣ መምህራችን ፊት ስቆም ዓይኔ መሬት ይወርዳል፣ ድምፄም ይከተለዋል፣ የጀመርኩት ጥያቄ መጨረሻው ላይ ልመና ሆኖ ያርፋል።

«ጠይቅ አልኩህ እንጂ አማልደኝ አላልኩህም» ይሉኛል። ክፍሉ ይስቃል።

በግንቦት ከጎንደር ኢንስፔክተር ይመጣል ተባለ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ እየተነሳ በእንግሊዝኛ ሊጠይቃቸው ነው፤ ጥያቄው ያልተቃናለት ወደ አምስተኛ ይወርዳል። መምህራችን እኔን ለብቻዬ አስቀሩኝ።

«አንተ ትወርዳለህ» አሉኝ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። «ያንን ጢም ይዘህ።»

የማድርበት ቤት ጌታ የዕድሜ ልክ ተሟጋች ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ ዋርካ ስር ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ባላጋራቸውን «ተጠየቅ» ሲሉ፣ እንደ ራሳቸው አነጋገር፣ የእስቴ ሰው እርፉን ጥሎ ሊሰማቸው ይመጣ ነበር። አሁን ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው የተጻፈ ማመልከቻ ነው። ያ ሁሉ ንግግር ጉሮሯቸው ላይ ቀርቶ የሚያዳምጠው ሰው ሲፈልግ አገኘኝ።

«ምን ሆነሃል ተማሪው? እንዲህ ያቀረቀርከው?»

«በእንግሊዝኛ መጠየቅ አቃተኝ አባባ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚጠይቅ፣ ፈረንጅ?»

የ«አር»ንና የ«ዱ»ን ነገር አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠያቂነቱን ገና ከበር ይነግርሃል ማለት ነው። ደግ አድርጓል። የኛ ሰው አገሩን ሁሉ አዙሮህ አዙሮህ፣ ወይ የሚልህ ስትደክም ነው። ይኼ ‹ዩ› ያልከው ማን ነው?»

«አንተ ማለት ነው።»

«ለሽማግሌስ?»

«ዩ።»

«ለቄስ?»

«ያው ዩ ነው አባባ። አንቱ የሚባል የላቸውም።»

«ለዳኛም?»

«ለዳኛም።»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ይህን ቋንቋ በጊዜው ባገኘው ኖሮ» አሉ፣ «ያ በሙግት የተረታሁበት የወንዝ ዳር መሬት አይሄድብኝም ነበር።» ከዚያ ዱላቸውን አቀበሉኝ። «መምህራችሁ ጥያቄ ለምን ይጠየቃል ይላሉ?»

«የማያውቁትን ለማወቅ።»

«ታዲያ ድምፅህ ቢወርድ ምን ይደንቃል? የማያውቀውን የሚጠይቅ ሰው ተለማማጭ ነው። ተሟጋች የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፣ ከዚያኛው አፍ እንዲወጣለት። ከትንሹ ጀምር። እምቢ የማይልህን አስቀድም። ሰው ነህ? ነኝ። ትናንት ከቤትህ ነበርክ? ነበርኩ። እያለ እያለ በሩ ሲዘጋበት አይሰማውም።»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ችሎት ሆነ። በዚያ ሰሞን አንዲት ጥቁር ዶሮ ጠፍታባቸው ነበርና እሷን ክስ አደረግናት። እኔ ከሳሽ፣ እሳቸው ተከሳሽ። «ዲድ ዩ ኢት ማይ ሄን?» እላለሁ ዱላውን መሬት ላይ ተክዬ፤ ዶሮዬን በልተሃል? «ኖ ሰር» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። በየትም በኩል ብመጣባቸው አላመኑልኝም። ድምፄ ሲወርድ ደግሞ ተከሳሽነታቸውን ትተው «ቀና በል፣ ማንን ነው የምትለምን?» ብለው ይቆጡኛል። ሚስታቸው ገብስ እያበጠሩ ያዩናል።

«ዶሮዋን የበላት ሽለምጥማጥ ነው» አሉ አንድ ቀን። «እሱን ፈልጋችሁ እንግሊዝኛ አስተምሩት።»

ኢንስፔክተሩ የመጡ ዕለት ጠዋት በመምህራችን ቤት በኩል አለፍኩ። የመምህራችን ሚስት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይነጫሉ። ላባው ቀይ ነበር። ልብ ብዬ አይቼ አለፍኩ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ፈተናው ከምሳ በኋላ ሆነ። ኢንስፔክተሩ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። መምህራችን ወንበር አቀረቡላቸውና አጠገባቸው ቆሙ። ተማሪው ሁሉ የተሰጠውን አንድ ጥያቄ በቃሉ ይዟል፤ ግን መጀመሪያ የተነሳው ልጅ ፈርቶ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ሲል የቀሩትም የራሳቸውን ትተው ያንኑ ያዙ። ኢንስፔክተሩ ስማቸውን መጀመሪያ በፈገግታ፣ ቀጥሎ በትዕግሥት፣ ኋላ እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ተናገሩ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስማቸውን በረንዳው ላይ የታሰረችው በቅሏቸው እንኳ ሳታውቅ አልቀረችም።

ተነሳሁ። መስኮቱ ላይ አንድ ጥምጥም ብቅ አለ፤ የቤቴ ጌታ ናቸው፣ የጠፋ ጥጃ ፍለጋ የወጣ ሰው መስለው። ጎንበስ ያለው አንገቴ ቀና አለ። ነጠላዬን አጣፋሁ። መምህራችን ሰሌዳ የሚያሳዩበትን በትር ከግድግዳው አንስቼ መሬት ላይ ተከልኩ። ቀና ስል የኢንስፔክተሩ ከረባት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ወጥ አየሁ።

«አር ዩ አወር ጀጅ?» አልኩ። ዳኛችን ነህ ወይ ማለቴ ነው፤ በአማርኛ ቢሆን አንደበቴ በተቆለፈ።

«የስ» አሉ። አዲስ ጥያቄ በመስማታቸው ደስ ብሏቸዋል።

«ዲድ ዩ ከም ፍሮም ጎንደር?»

«የስ፣ አይ ዲድ።»

«ዌር ዲድ ዩ ኢት ዩር ላንች?» ምሳህን የት በላህ?

መምህራችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኢንስፔክተሩ ግን በእጃቸው ወደ እሳቸው እያመለከቱ በእንግሊዝኛ «መምህራችሁ ቤት» አሉ።

«ዋዝ ኢት ሽሮ?»

«ኖ።» ፈገግታቸው ቀነሰ።

«ዲድ ዩ ኢት ኤ ሄን?»

ድምፄ አልወረደም። ኢንስፔክተሩ ከረባታቸውን ቀስ ብለው አይተው በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት። «የስ» አሉ።

«ዋዝ ዘ ሄን ሬድ?»

መልሱን ማሰብ ያዙ፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን ትተው በአማርኛ «እኔ ስደርስባት ሁሉም ነገር ቀይ ነበር» አሉ።

ከመጨረሻው በር ደርሻለሁ። በትሬን አንዴ መታ አደረግሁ። «ዩ ኤት ሂዝ ሄን» አልኩ መምህራችንን በበትሩ እያሳየሁ። «ካን ዩ ጀጅ ሂዝ ስቱደንት?» የሱን ዶሮ በልተህ በሱ ተማሪ ላይ መፍረድ ትችላለህ?

መምህራችን በትሩን ሊነጥቁኝ መጡ። ከመስኮቱ በኩል «አይነካ፣ ቃሉን አልጨረሰም» የሚል ድምፅ መጣ። ኢንስፔክተሩ እጃቸውን አነሱና መምህራችን ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ የኛው አገር ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ተጠያቂ ባርኔጣ አድርጎ አይቆምም።

«ልጁ ዳኛው ይነሳልኝ እያለ ነው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ይኼ ልጅ ከቤተ ልሔም...»

«ጥያቄው ትክክል ነው አይደለም?»

መምህራችን ወደ ሰሌዳው፣ ወደ እኔ፣ ወደ ከረባቱ አዩ። «አወቃቀሩ ትክክል ነው» አሉ፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው።

«እንግዲያው ላሳልፈው አልችልም፣ ላወርደውም አልችልም» አሉ ኢንስፔክተሩ። «የመምህሩን ዶሮ ያልበላ ኢንስፔክተር እስኪመጣ ድረስ ስድስተኛ ክፍል ባለበት ይቆይ።» ይህን ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፣ ቀጣዩንም ልጅ ጠሩ። ቀጣዩ ልጅ ስማቸውን ጠየቃቸው።

የቤቴ ጌታ ያን ማታ ለሚስታቸው ነገሩን ሲተርኩ በትሩን የያዙት እሳቸው ሆኑ። ያልወጣም ያልወረደም ልጅ ግን በአባቴ ውል ውስጥ አልነበረም። ለወገዳ ገበያ የሚሄድ ሰው ፈልጌ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «አልወረድኩም። ነገሬ በሙግት ላይ ነው።»

መልሱ በሳምንቱ መጣ። የስንቁ በሶ ከወትሮው በዛ ያለ ነበር። መልእክተኛው እጁን ከስልቻው ሳያነሳ የአባቴን ቃል ነገረኝ፦ «ሙግት የያዘ ሰው ለእርሻ አይጠራም። ዳኛውን እንዳትለቅ። ቀጠሮው መቼ ነው?» ስለ በሬዎቹ ምንም አላለም። ልጅቷን ግን ሙግት ለሌለበት ሰው ሰጥተዋት ነበር።

በዓመቱ ሌላ ኢንስፔክተር መጡ። ጠዋት በመምህራችን ቤት በኩል አለፍኩ። ሚስታቸው ያው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ላባ በላባ ሆኗል። ዶሮዋ ነጭ ነበረች። ሲያዩኝ በነጠላቸው ሸፈኗት።

«ለኢንስፔክተሩ አይደለችም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።