የመድኃኒት ሙከራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ

«አባባ፣ አዲሱ የደም ግፊት መድኃኒት ከድሮው ይሻል እንደሆነ እያየን ነው። በዕጣ ነው፤ የትኛው እንደሚደርስዎ እርስዎም እኔም አናውቅም። ፈቃድዎ ከሆነ ይፈርሙ» አለችኝ ሐኪሟ ዛሬ።

ሸጋ ነው! የሚሰጠውን የማያውቅ ሐኪም ለእኔ ብርቅ መሰላት።

በጃንሆይ ዘመን መንደራችን ጠዳ የመጣው ሐኪም ፈቃድ ቀርቶ ስማችንንም በወጉ አልጠየቀ። ለግማሾቻችን የወባ መከላከያ ክኒን አደለ፤ ሚስቴ ካልተሰጣቸው ወገን ሆነች።

እኔ ደጉ ባል ክኒኔን በጥርሴ እየሰነጠቅሁ አካፈልኋት። ሁለታችንንም ወባ ጣለን። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አይረባም» እያለ ሲጽፍ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ሐኪሟ «ለማንም እንዳያካፍሉ» አለችኝ።

«የማካፍላት ከሞተች ቆየች» ብዬ ፈረምሁ።

ክኒን ተካፍላችሁ የምታውቁ፣ እስቲ እዚሁ ተናዘዙ፤ ብቻዬን አታስኮንኑኝ።