ወረቀቱ ላይ የሌለው ሽቦ

ያኔ እንጅባራ ውስጥ ለመንግሥት ሥራ ሞተር የምትነዳ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ይቻላል። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ። ዛሬ ዘንገና፣ ነገ አዘና። ክፍላችን አምስት ሞተሮች ነበሩት። አንዱ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቢሯችን አጥር ሥር ተሰረቀ።

ኃላፊያችን በማግስቱ ሰብስቦን ስለ ንብረት ጥበቃ ግማሽ ቀን ተናገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከባሕር ዳር አራት ትንንሽ ካርቶኖች አስመጣ። ማንቂያ ናቸው፤ የቆመ ሞተር ሲነካ ይጮኻሉ፣ ሌባው አስነሥቶ እንዳይነዳውም ሞተሩን ያጠፋሉ። "እስከ ሰኞ ድረስ ያላስገጠመ መስክ አይወጣም" አለና አደለን።

በከተማው የሞተርና የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ባለጋራዥ ነበር። ዓርብ ጠዋት አራታችንም አብረን ሄድን። የሦስቱን ወንዶች ሞተሮች በየተራ ፈታታ፣ ገጠመ፣ ጨረሰ። የኔ ተራ ሲደርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝና፣

"እህቴ፣ ያንቺን ነገ ባለቤትሽ ይዞት ይምጣ" አለኝ።

"ለምን?"

"አሠራሩን ለሱ ባሳየው ይሻላል። አንቺ መንገድ ላይ ቢበላሽብሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ባል የለኝም።"

"እንግዲያው ወንድምሽ።"

ሦስቱም ሳቁ። የሁለቱ ሳቅ እንኳ አልቆጠቆጠኝም፤ እኩዮቼ ናቸው፣ ሲያበሽቁኝ የኖሩ። ያንገበገበኝ የጋሼ ሳቅ ነው። ጋሼ የምለው የክፍላችንን አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ሥራ ስጀምር የበሬ አፍንጫ አያያዝ ያሳየኝ፣ "አትፍሪ፣ ካንቺ ይልቅ እሱ ነው የሚፈራው" ያለኝ እሱ ነበር። ያን ቀን ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካርቶኔን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና ሞተሬን አስነሥቼ ሄድኩ። ራሴ እገጥመዋለሁ ብዬ የወሰንኩት እዚያው፣ ከጋራዡ የሚያስወጣውን ዳገት ሳልጨርስ ነው። እውቀት ኖሮኝ አይደለም። ንዴት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሞተሩን አቆምኩና ኮርቻውን ፈታሁ። መሣሪያዬ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ግማሽ ጥቅል ናስትሮና ከአሮጌ ፍሬቻ አውጥቼ ሁለት ሽቦ ያሰርኩበት ትንሽ አምፖል ነው። አምፖሉ ከበራ ሽቦው ኃይል አለው፤ ካልበራ የለውም። ይህን ያህል ከኮሌጅ ላቦራቶሪ ተርፎኛል።

ካርቶኑን ስከፍት አንድ ጥቁር ሳጥን፣ አንድ የሚጮኽ ጡሩምባ፣ ሁለት የቁልፍ መያዣ የሚያህሉ ሪሞቶችና የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። በአንዱ ገጽ ቻይንኛ ነው፤ በሌላው እንግሊዝኛ የሚመስል ነገር። እንግሊዝኛ አያቅተኝም፤ የተማርኩበት ነው። ይህ ግን ቃሎቹ በሙሉ የሚታወቁ፣ ሐሳቡ ግን የማይጨበጥ ነበር። ከልቤ ያልወጣው ክፍል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ቀዩ ሽቦ ኤሌክትሪክን በደስታ ይቀበል። ጥቁሩ ወደ ብረት ሄዶ ይረፍ። መጮኽ ካለ መልካም ነው። መጮኽ ከሌለ መልካም አይደለም።"

ሥዕሉ ደግሞ ይባስ። የተሣለው እግር ገጥመው የሚቀመጡበት ትንሽ የከተማ ሞተር ነው። የኔው መካከሉ ላይ የነዳጅ ጋን የተሸከመ የመስክ ሞተር ነው፤ ባትሪው እነሱ ባሉበት የለም፣ ሽቦው እነሱ በሣሉት በኩል አያልፍም። ወረቀቱ ሁለት ሰማያዊ ይላል፤ ከሳጥኑ የወጡት ሁለት ነጭ ናቸው። ወረቀቱ ሰባት ሽቦ ይዘረዝራል፤ ስቆጥር ስምንት ሆነ። እንደገና ቆጠርኩ። ስምንት። ስምንተኛው ብርቱካንማ ነበር፤ ስሙም ሥራውም የትም አልተጻፈም።

ይህን የጻፈውን ሰው በዚያች ደቂቃ ባገኘው ምን እንደማደርገው እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድ ቦታ፣ ንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ምን እንደሚነዳ ሳያስብ፣ ሽቦ ቆጥሮ እንኳ ሳይጨርስ ሻይ ሊጠጣ የተነሣ ሰው ይታየኝ ነበር።

ቀዩን ከባትሪው፣ ጥቁሩን ከሞተሩ ብረት አሠርኩ። ሁለቱን ነጮች በአምፖሌ እየፈተንኩ ከፍሬቻዎቹ አገናኘኋቸው። ሞተሩን የሚያጠፋውን ሽቦ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ብርቱካንማውን በናስትሮ ጠቅልዬ ጥግ አስያዝኩት፤ ወረቀቱ ካላወቀው እኔ ከየት አውቀዋለሁ?

ሪሞቱን ስጫነው ማንቂያው ጮኸ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድምፅ ግቢያችን ሰምቶ አያውቅም። አዲስ የወለደችው የአከራዬ ላም ገመዷን በጥሳ አጥሩን ይዛ ወደቀች። አከራዬ ከጓሮ ነጠላቸው እየተንጠለጠለ ወጡ። ሲናደዱ የሚናገሩት በአዊኛ ነበር፤ ያን ቀንም ብዙ ተናገሩ። ላሚቱን ይዘን ካሰርን በኋላ በአማርኛ፣

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌባ ነው የሚያባርረው ወይስ እኛን?" አሉኝ።

"ይቅርታ እትዬ። አሁን ይስተካከላል።"

"ወተቷን ከከለከለችኝ ከዚህ ሳጥን ነው የማልበው!"

አልሳቅኩም፤ እሳቸውም ለቀልድ አላሉትም።

ሞተሩን አስነሣሁ። ሠራ። እሰይ ብዬ እጄን ልታጠብ ስል፣ ሦስት አራት ደቂቃ እንደቆየ፣ ጡሩምባው በራሱ ጊዜ ጮኸና ሞተሩ ቀጥ አለ። አጠፋሁት፣ አስነሣሁት። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያው። ካቻቪቴውን ወርውሬ ግድግዳ መታሁበት። ከዚያ ፈልጌ አመጣሁት፤ ሌላ የለኝማ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ማንቂያው መንካት ሲሰማው ነው የሚጮኸው። ሞተሩ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ እኔ እያስነሣሁ መሆኔን፣ ሌባ አለመሆኔን በምን ያውቃል? ቁልፉ መከፈቱን የሚነግረው ነገር ያስፈልገዋል። ያ ከሌለ ሞተሩ ቆሟል ብሎ ስለሚያስብ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ለጥበቃ ያዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ንቅጥቅጥ ለሱ ሌባ ናት። ብርቱካንማውን ከናስትሮው ፈታሁት። ቁልፉ ሲከፈት ብቻ አምፖሌን የሚያበራ ሽቦ ፈልጌ አገኘሁና ከሱ ጋር አሠርኩት። አስነሣሁ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ግቢውን እየዞርኩ ነዳሁት። ዝም አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወዲያው የመጣብኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ ባለጋራዡ የሦስቱን ሞተሮች የገጠመው በዚሁ ወረቀት ነው።

ሰኞ ከቢሮ በፊት ወደሱ ሄድኩ። ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር፤ አልወጣም።

"የብርቱካንማውን ሽቦ ምን አደረግኸው?" አልኩት።

"የቱን?"

"ስምንተኛውን።"

"ወረቀቱ ላይ የለም። ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።"

"ካልታሠረ መንገድ ላይ ሞተሩን ያጠፋዋል። እኔ አይቼዋለሁ።"

ከባጃጁ ሥር ሳቁን ሰማሁት። "አንቺ ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ከምትከፍቺ ላሞችሽን ብታክሚ አይሻልም?"

ለኃላፊው ነገርኩት። ከሚፈርመው ወረቀት ላይ ቀና ሳይል "ባለሙያ ነው የሠራው፤ ባለሙያ ያውቃል" አለኝ። ሁለቱን እኩዮቼን የዚያን ሳምንት ዳንግላ ለሥልጠና ልከዋቸው ነበር፤ ሞተራቸው ቢሮ ቆሟል። ጋሼን ግን በረንዳው ላይ አገኘሁት። የበረዶ ሳጥኑን እያሠረ ነበር።

"ባልሽ ገጠመልሽ ወይ?" አለኝ እየሳቀ።

አልነገርኩትም። አፌ ላይ ነበር። "ጋሼ፣ ያንን ሽቦ ሳያዩ አይውጡ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አንድ ትንፋሽ። ለሁለት ሰዎች ተናግሬያለሁ፣ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩና አልፌው ገባሁ። እውነቱ ግን፣ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎበት እንዲያፍር ፈልጌ ነበር። መቆሙን እንጂ መውደቁን አላሰብኩም።

የዚያኑ ቀን ከከተማው ገና እንደወጣ፣ ወደ ጫግኒ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ሞተሩ ጠፋበት። ድንገት ሲጠፋ ጎማው ተይዞ ተንሸራተተ፤ እሱ በአንድ ወገን፣ ሞተሩ በሌላ ወገን ወደቁ። ያገኙት ሰዎች ሰውየውን ያገኘነው በጡሩምባው ጩኸት ነው ብለዋል። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ፊቱ በአንድ ጎኑ ተልጧል።

ጤና ጣቢያ ስደርስ እጁ ከአንገቱ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ናት። ሰላምታ ሳልጨርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብርቱካንማውን፣ ጋራዡን፣ ኃላፊውን፣ በረንዳውን። "አውቄ ነው ዝም ያልኩዎት ጋሼ። ስለሳቁብኝ ነው።"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ። እስካሁን ያ ዓይኗ አይጠፋኝም። እሱ ግን፣

"ተይው፤ ብትነግሪኝም አልሰማሽም ነበር" አለኝ።

ሊያቀልልኝ ብሎ ነው ያለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አጥንቱ ተሰብሮ፣ ፊቱ ተልጦ፣ አሁንም ሊያጽናናኝ የቻለው በዚህ ነው፤ ቃሌ ለሱ ምንም እንዳልነበረ በመንገር። "እግዜር ይማርዎ" ብዬ ወጣሁ። በራሴ ነው የተናደድኩት ወይስ በሱ፣ የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ቆሜ ልለየው አልቻልኩም።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ የቆሙትን ሁለት ሞተሮች ኮርቻ ፈታሁ። ብርቱካንማው ሁለቱም ላይ፣ በንጹሕ ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ጥግ ተሸጉጧል። ኃላፊው በመስኮት አየኝና ወጣ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"የመንግሥት ንብረት ነው የምትፈቺው!"

"ያ ጤና ጣቢያ የተኛውስ የማን ንብረት ነው?" አልኩት። ድምፄ ለራሴ ጆሮ እንኳ የበዛ ነበር፤ ከየቢሮው ሰው ወጣ። "ዛሬ ጠዋት ነግሬዎታለሁ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አሁን ያስቁሙኝ!"

አላስቆመኝም። አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር የጋራዡ ሰው መጣ፤ ወሬው ደርሶታል። ከአጥሩ በር አልፎ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለረጅም ጊዜ እጄን ሲያይ ቆየና በለሰለሰ ድምፅ፣

"ከየትኛው ሽቦ ነው የምታሠሪው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ልሰድበው የምችለው ስድብ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ግን በከተማው ስንት ሞተርና ባጃጅ ላይ እንደገጠመ ትዝ አለኝ። አምፖሌን አቀበልኩትና "ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ከሚበራው። ራስህ ፈልገው፤ እኔ አያለሁ" አልኩት።

ተንበረከከና መፈለግ ጀመረ። ሦስቴ ተሳሳተ። ሦስቱንም ጊዜ "አይደለም" አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በአራተኛው አገኘው።

ጋሼ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ተመለሰ። ሞተር ግን ዳግመኛ አልነዳም፤ ከቢሮ ሆኖ መድኃኒት ያድላል። ወደ መስክ ስወጣ "በርቺ" ይለኛል፤ እኔም "እሺ ጋሼ" እለዋለሁ። ከዚያ ያለፈ አልተነጋገርንም።