ትርፍ ያልኳት ማቆሚያ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቦሌ አራብሳ

ላፕቶፔን ታቅፌ ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ስወርድ ቁርስ እንኳን አልቀመስኩም። ሃያ ሁለት ያለ አንድ ላብራቶሪ፣ አትላስ ያለው ክሊኒክ ለላካቸው ታካሚዎች የምርመራ ውጤት የሚልክበትን ሶፍትዌር የምንከባከበው እኔ ነኝ። አሮጌው ሶፍትዌር ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ሥራው ሁሉ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት።

አዲሱ ደግሞ ጉድ ነው! ውጤቱ የሚሄድበትን መንገድ በሥዕል ያሳያል፤ በቀጥታ ወደ ታካሚው ስልክም ይልካል። ምክርም አያንሰው። በአሮጌው ላይ፣ ውጤት ከመላኩ በፊት የላብራቶሪዋ እንግዳ ተቀባይ "ላክ" እስኪሉ የሚጠብቅበት ማቆሚያ ነበረ። "ይህ ምንም አይሠራም፤ ይሰረዝ?" አለኝ አዲሱ ሶፍትዌር ትናንት። ሰረዝኩት። እንዲያውም ኮራሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ

ከአራብሳ እስከ መገናኛ በአውቶቡስ ቆሜ መጣሁ። አጠገቤ የቆሙ እናት ሥራዬን ጠየቁኝ። መልእክት ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው አሳልፋለሁ ብላቸው፣ ፖስተኛ መሆኔ ነው ብለው አዘኑልኝ።

መገናኛ ሁለት ሳምቡሳ በሃምሳ ብር ገዝቼ እየበላሁ የዝውውሩን መመሪያ ደግሜ አነበብኩት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስኪዱ፣ እስክትተማመኑም መልእክቱን ሁሉ ወደ አንድ የሙከራ ስልክ አዙሩ ይላል። ልዘለው ነበር። አለቃዬ ስለጨቀጨቀኝ ብቻ የራሴን ስልክ አስገባሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሃያ ሁለት

ወይዘሮ ለተብርሃን ላብራቶሪው ከተከፈተ ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ ናቸው። አዲሱን ገጽ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፣ ፈለጉ።

"ማቆሚያዬ የት ገባች?"

"ትርፍ ስለሆነች አወጣኋት። ጊዜ ይቆጥብልዎታል።"

መዝገባቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ዛሬ ጠዋት ሙሉ ተስፋዬ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ተመርምረዋል። ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ።

"እኔ እዚያ ጋ ዝም ብዬ አልቆምም ልጄ። ክሊኒክ ደውዬ የአያት ስም እጠይቃለሁ። አንቺ፣ ተልኳል እንዴ?"

ስልኬን አወጣሁ። ሁለቱም መልእክቶች እዚያው ናቸው። አንደኛው እንኳን ደስ አለሽ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ይላል፤ ሁለተኛው ሐኪምሽ በአስቸኳይ ይፈልግሻል ይላል። ሁለቱም ሊሄዱ የነበረው ወደ አንድ ቁጥር ነበር። ለአንዷ ሙሉ።

"እኔ ጋ ነው የቀሩት፤ ለሙከራ ወደ ስልኬ አዙሬያቸው ነበር" አልኳቸው። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ተመስገን! ወይዘሮ ለተብርሃን አልተቆጡኝም፤ ውሃ አመጡልኝ።

አምስት ሰዓት፣ አትላስ

ማቆሚያዋን መለስኩና በእግሬ ወደ አትላስ ወረድኩ። ክሊኒኩ በሚሞላው አዲሱ ቅጽ ላይ የአያት ስም መሙያ ስጨምር፣ የክሊኒኩ መዝጋቢ ወይዘሮ ለተብርሃን በየቀኑ የሚደውሉት ለዚህ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር አለኝ። ወሬ የሚወዱ ይመስለው ነበር። ከዚያ የሙከራ ስልኬን አወጣሁ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ለተብርሃን የአያት ስም አጣርተው ሁለቱን ውጤቶች ለየባለቤታቸው ላኩ። ስልኬ ጭጭ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ አሮጌው ተዘጋ፤ የጎደለ ነገር የለም።

አመሻሽ፣ አራብሳ

ስመለስ አውቶቡሱ ላይ መቀመጫ አገኘሁ፤ እስከ ጎሮ ተኛሁ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ሁለቱን መልእክቶች ከስልኬ አጠፋሁ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አዲሱ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ማቆሚያ "ይህ ምን ይሠራል?" የሚል ባዶ ቦታ አለው። ሌሎቹን ሁሉ ትናንት ሞልቻለሁ። በዚችኛዋ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወይዘሮ ለተብርሃን የአያት ስም ይጠይቃሉ። እሳቸውን ሳታናግሩ እንዳትሰርዙ።"