ረግረጉ ላይ የነበሩት ወፎች

እትዬ መርፌ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው ሥራ መፍታት እምቢ ያላቸው ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ድሮ ረግረግ ነበር፤ እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ውሃው ውስጥ ቆመው ይውሉበት ነበር። ረግረጉ ተደፍኖ መጋዘን ከተሠራበት ወዲህ የተወለደ ልጅ ግን ይህን ቢነግሩት «ተረት ነው» ይላል። ያንገበግባቸዋል።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ ነው ሲባል፣ «በጆሯችሁ ያላመናችሁትን በዓይናችሁ ታያላችሁ» አሉ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሸምበቆ፣ ከአሮጌ ጂንስና ከሰማያዊ ፌስታል ውሃ፣ ከሸሚዝ ኮሌታና ከቆርቆሮ ወፎች እየሠሩ፣ በር በሚያክል ጣውላ ላይ ሲሰፉና ሲያጣብቁ ሦስት ወር ፈጀባቸው። የወፎቹ አንገት አልቀና እያለ ስንቴ አፍርሰው ሠሩት!

ሊያስረክቡ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ለማንም ሳያሳዩ የሚሠሩበት ጓዳ ተጠርጎ ጠበቃቸው። የልጃቸው ሚስት እንግዳ ይመጣል ብላ ሁሉንም ለቆራሌው ሰጥታዋለች።

«እማዬ፣ ቆሻሻ መስሎኝ እኮ ነው» አለች ደንግጣ።

«ቆሻሻ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! ከምን የሠራሁት መሰለሽ?»

እየበረሩ ቆራሌው ግቢ ደረሱ። ጣውላው ለማገዶ ተፈልጧል፣ ሽቦው ተጨፍልቆ የብረት ክምር ውስጥ ገብቷል። የተረፉት በጆንያ የተከተቱ ሰባት ወፎች ብቻ ናቸው። ቆራሌው አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

«የዚያ ረግረግ ወፎች ናቸው አይደል? እኛም ልጅ ሆነን እናባርራቸው ነበር። ግን እትዬ፣ እግራቸው አጠረ።»

ደማቸው ፈላ። ሥራዬን በታትኖ ደግሞ ሊያርመኝ! ከሁሉ ያበሸቃቸው ግን ልክ መሆኑ ነበር።

ዐውደ ርእዩ ያለ እሳቸው ተከፈተ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ለከርሞ ይደርሳል» ብትላቸው፣ «ለከርሞ ማን እንደሚኖር በምን አወቅሽ?» ብለው ዘጓት።

የልጃቸውን ሚስት ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። በስምንተኛው ቀን ከጎረቤት የለመነችውን አሮጌ ጃንጥላ ይዛ ገባች።

«ዝጓል» አሉ ቀና ሳይሉ። ቢሆንም ተቀበሏት።

አሁን እያጉረመረሙ የወፎቹን እግር በረጅም እየቀየሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያቆሟቸው ግን እስከ ዛሬ በአፍጢማቸው ይደፋሉ።