ቲቸር ሻሪካና የሰባቱ ድልድዮች ከተማ

አስር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንገቴ ላይ በክር የታሰረ የቤት ቁልፍ ነበረኝ። አባቴ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። እህትም ወንድምም የለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ራሴ ከፍቼ፣ ተከድኖ የተቀመጠልኝን ምሳ ብቻዬን በልቼ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የእናቴን ሰርቪስ እጠብቃለሁ። የሰፈሩ ልጆች አላባረሩኝም፤ እኔው ነኝ መቀላቀል ያቃተኝ። ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ በልቤ እዘል ነበር።

ጎፋ ውስጥ የተከራየነው ግቢ የእማማ ጫልቱ ነበር። ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው መሬት እርሻቸው ነበር ይባላል፤ እኛ ስንደርስ የቀሯቸው ሁለት ላሞችና የሚያከራዩዋቸው አራት ክፍሎች ናቸው። ከአራቱ ዳር ባለችው ውስጥ ቲቸር ሻሪካ ይኖሩ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚያስተምሩ፣ ከሲታ፣ ሽበት የጀመራቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ «ህንዷ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን አገራቸውን ሲጠይቋቸው «ካሽሚር» ብቻ ይላሉ። አማርኛውን ጎጃም ሲያስተምሩ ለምደውት ጥሩ አድርገው ይናገሩታል። «አንተ»ንና «አንቺ»ን መለየት ብቻ እስከ መጨረሻው አልሆነላቸውም፤ እኔን ሴቷን ልጅ «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት በነበረው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ከበራፋቸው ሆነው ጠሩኝ።

«አንተ ብቻህን ነህ። እኔም ብቻዬን ነኝ። ና፣ ሻይ እንጠጣ።»

ሻዩ ሮዝ ነበር። በእማማ ጫልቱ ወተት የተፈላ፣ ከላዩ የሰባ፣ ስኳር ሳይሆን ጨው ያለበት። የመጀመሪያውን ጉንጭ አፌ ውስጥ ይዤ የምተፋበት አጥቼ ሳፈጥ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። በሳምንቱ ግን ሁለተኛ ስኒ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።

የእሳቸው ከተማ ስሪናጋር ትባላለች። ወንዝ መሃሏን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ወንዙ ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ሰባት የእንጨት ድልድዮች አሉ፤ ሰፈሮቹም የሚጠሩት በድልድዮቹ ስም ነው። ቲቸር የተወለዱት ሀባ ከደል በሚባለው ድልድይ አጠገብ፣ መስኮቱ በተፈለፈለ እንጨት ባጌጠና በወንዙ ላይ ባጎነበሰ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። ከሐይቁ የሚመጡ ጎመን ሻጮች ጀልባቸውን ከመስኮቱ ሥር ያቆማሉ፤ እናታቸው ከላይ በገመድ ቅርጫት ያወርዳሉ። ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ የአትክልት ቦታ አለ ሲሉኝ ውሸት መሰለኝ። በረዶ ሲሉኝ ደግሞ የእኛን ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ነበር የታየኝ። «አይደለም» አሉኝ፣ «የእኛ በረዶ ድምፅ የለውም። ጠዋት ትነሳለህ፣ ከተማው ዝም ብሏል፤ ያኔ እንደ ወረደ ታውቃለህ።» በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ ፍም የያዘች፣ በቅርጫት የታቀፈች ሸክላ ከረጅም ካባው ሥር ይዞ ይሄዳል አሉኝ። እሳት በልብስ ሥር! ለእናቴ ስነግራት «እግዜር ያውጣቸው» ብላ አማተበች።

ያን ክረምት ስሪናጋርን ግቢያችን ውስጥ ሠራናት። የጎርፉ ቦይ ወንዝ ሆነ። ድልድዮቹን ከባሕር ዛፍ ቅርፊትና ከክብሪት እንጨት አበጀን። ቲቸር ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ዳር ቁጢጥ ይሉና «ሦስተኛው ድልድይ ትንሽ ወደዚህ፣ ዳቦ ጋጋሪው እዚህ ነው፣ ጠዋት ሁሉም ሰው እዚህ ይሰለፋል» ይሉኛል። የእማማ ጫልቱ ላም እየረገጠች ስታፈርሰው እንደገና እንሠራለን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአጥሩን ቀዳዳ ረሳሁት።

መስከረም ላይ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ከተማቸው ውስጥ ተኩስና ሰዓት እላፊ እንዳለ፣ ብዙ ጎረቤት እንደ ተሰደደ ወንድማቸው ጽፎላቸው ነበር። ሁለት ቀን በራቸውን ዘጉ። በሦስተኛው ቀን እናቴን «ምናልባት መሄድ አለብኝ» ሲሏት ሰማሁ። እናቴም «ሰው ባገሩ፣ ሰው በወንዙ፤ ምን ይደረግ ቲቸር» አለች። እኔ ግን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ኅዳር ውስጥ ቲቸር ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ሳለ፣ በትምህርት ቤታቸው በር ሳልፍ ዘበኛው ጋሽ በቀለ አስቆሙኝ። «አንቺ፣ ከህንዷ ጋር አይደል የምትኖሪው? ይቺን አድርሺላት» ብለው ሰማያዊ ፖስታ ሰጡኝ። የቴምብሩን ጽሕፈት አውቀዋለሁ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ በካኪ ወረቀት የሸፈንኩትን የሳይንስ ደብተሬን ፈልቅቄ ፖስታውን ከሽፋኑ ሥር ከተትኩት። ክፋት አልነበረም። ደብዳቤው ካልደረሰ አይሄዱም ብዬ ነው።

ስምንት ቀን ያዝኩት። በየቀኑ ሻይ እንጠጣለን፤ በየቀኑ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከጎኔ አለ። በስምንተኛው ቀን ቲቸር ስኒያቸውን አስቀምጠው «እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም» አሉኝ፣ እንዲያው በወሬ መሃል። «ወንድሜ ሲጽፍ አጠገቡ ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። እኔ ደብዳቤውን ሳላነብ በፊት ጣቷን ነው የማየው።» ተነስቼ ወጣሁ፣ ፖስታውን አምጥቼ «ዛሬ ጋሽ በቀለ ሰጡኝ» አልኳቸው።

ቆመው አነበቡት። ከዚያ ሻርፓቸውን አንስተው እናቴን «አብረኸኝ ስልክ ቤት ና» አሏት። እኔም ተከተልኩ። መንገድ ላይ ለእናቴ በአጭሩ ነገሯት፦ ቤተሰባቸው ከተማውን ሊለቅ ነው፣ የት እንደሚያርፍ ገና አያውቅም፣ እናታቸው ግን የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ከቤቴ አልወጣም ብለዋል፣ ስለዚህ በፍጥነት ጎረቤት ቤት ደውዪ ይላል ደብዳቤው።

ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ስማቸው ተጠራና ባለ መስታወቷ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገቡ። በማላውቀው ቋንቋ ሲጮሁ፣ ከዚያ ድምፃቸው ሲቀንስ፣ ከዚያ መነጋገሪያውን ሲሰቅሉ በመስታወቱ አየኋቸው። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«በሩ ተቆልፏል። ከአምስት ቀን በፊት በጭነት መኪና ሄዱ። አሮጊቷን ወንድሜ ተሸክሞ ነው ያወጣት አለኝ ጎረቤቱ። የት እንደሄዱ አያውቅም።»

ከአምስት ቀን በፊት። እኔ ስምንት ቀን ይዤዋለሁ። ሂሳቡ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ከባድ አልነበረም።

ሦስት ወር ሙሉ ወሬ አልተሰማም። ቲቸር እያስተማሩ፣ እየተመለሱ፣ ሻይ እያፈሉ ኖሩ። እኔንም መጥራት አልተዉም። ስለ ከተማቸውም ያወሩኛል፤ ያንኑ ዳቦ ጋጋሪ፣ ያንኑ ጎመን ሻጭ። ድሮ «አለ» ይሉት የነበረውን ሁሉ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ነበር» ማለት ጀመሩ። አማርኛቸው የተበላሸ መስሎኝ አንድ ሁለቴ ላርማቸው ቃጣኝ። እኔ ደግሞ ሻዩ አልወርድ ይለኛል። እናቴ «ከሳሽ» ብላ ጠበል ወሰደችኝ፤ ሐና ማርያም ድረስ በእግራችን። እዚያም ለቄሱ አልተናገርኩም።

የካቲት ላይ ደብዳቤ ደረሰ። እናታቸው በሕይወት አሉ። ከተራራው በታች፣ ሙቀቱ በማይቻል ሜዳ ላይ ባለ ከተማ፣ አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ይኖራሉ። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍተው ወንዙን ያጡና «ውሃው ወዴት ሄደ?» ይላሉ። ቲቸር ትምህርት ሲዘጋ ሊሄዱ ወሰኑ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መጽሐፍ ሲያስሩ ገመዱን እየያዝኩላቸው ነበር። ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

«ቲቸር፣ ያንን ደብዳቤ... ያን ቀን አይደለም የተሰጠኝ።»

ቀና አላሉም። ቋጠሮውን ጨረሱ። «አውቃለሁ። በማግስቱ ጋሽ በቀለን ላመሰግነው ሄድኩ። ‹ከሳምንት በፊት እኮ ነው የሰጠኋት› አለኝ።»

እንባዬ ገመዱ ላይ ወረደ። «ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

ያን ጊዜ አዩኝ። «የዚያን ቀን ልመታህ ፈልጌ ነበር። እጄን ይዤ ውጭ ቆምኩ። አንተ ደጃፉ ላይ ብቻህን ተቀምጠሃል። አንተን ካባረርኩ» አሉ፣ «የእናቴን ቤት ለማን አወራለሁ? እዚህ አገር ቤታችንን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ሌላ ገመድ አቀበልኳቸው፤ ሥራችንን ቀጠልን።

ከሄዱ በኋላ አንድ ካርድ ልከው ነበር። አባቴ ሥራ ሲቀይር ግቢውን ለቀን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ጽፈው ከሆነም አልደረሰኝም። እማማ ጫልቱም አረፉ። ግቢው ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ የነገረኝ የለም፤ አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ነው የደረስኩበት።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ያኔ ልጅ ሆኜ የናፈቅኩት ረግጬው የማላውቀውን የሰው ከተማ ነበር፤ ዛሬ የምናፍቀው በታክሲ ሩብ ሰዓት የማይርቀኝን የራሴን ሰፈር ነው። በሩቅ ያለውስ በትኬት ይደረስበታል። ባለፈው ከሥራ ስመለስ የበራፋችን ቦታ ይሆናል ብዬ የምገምተው ጋ ስንደርስ ሳላስበው «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ግራ ቀኙን አየና «እዚህ ምን አለ እናት?» አለኝ። አስፋልት ብቻ ነው። ከኋላ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

«ተሳስቼ ነው» አልኩት፣ «ሂድ።»