ሁለት ጊዜ የተነበበው ጥናቴ

ቢቸና ሳስተምር የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ሞጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። ጥያቄዬ ሴት ልጆች በየወሩ ለምን ከክፍል ይቀራሉ የሚል ነው። ከመስጊዱ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ እናት ሳይሸፋፍኑ መለሱልኝ። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር የለውም፤ የወር አበባዋ ሲመጣ ልጄ የት ትግባ አሉኝ። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ጎበዝ ተማሪ።

ይህን እንዳለ መጻፍ አሳፈረኝ። እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ አንድ ተማሪ የዘረፈው ቅኔ ገና ከአፉ እንደወጣ ለሁሉም ከገባ፣ ጥሬ ነው ተብሎ ይሳቅበታል። ያንን ፍርሃት ይዤ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። እናም የሴትዮዋን በር እንዲህ አድርጌ ጻፍሁት፦ «ከሥነ ንጽሕና መሠረተ ልማት ምሉዕነት መጓደል የሚመነጭ የተሳትፎ መቀንጨር።» አማካሪዬ ቋንቋዬን አደነቀልኝ። አንድ ቅጂ አስጠርዤ ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ።

በዓመቱ ፈታኝ ሆኜ ሞጣ ስሄድ ሴትዮዋን ሰላም ልበል ብዬ ሱቃቸው ገባሁ። ልጅቷ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ጨርቅ ትለካለች። ትምህርቱን ካቋረጠች ወራት አልፈዋል። እናትየው አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ።

«መምህር፣ ያልሁዎትን አልነገሩልንም እንዴ?»

ጽፌዋለሁ አልሁና ርእሰ መምህሩን ልጣላው በቀጥታ ቢሮው ሄድሁ። ጥናቴን ከቁም ሳጥን አወጣው፤ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎታል። ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ለመምህራኑም በስብሰባ ላይ አንብቦላቸው አጨብጭበዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንደው ሳላፍር ልጠይቅህ፤ ልጆቹን የሚያስቀራቸው ምንድን ነው ነበር ያልኸው?»

«በር» አልሁት።

ደነገጠ። እኔ ከእሱ ብሼ ደነገጥሁ። እናትየው በአንድ ትንፋሽ የነገሩኝን ነገር ወራት ፈጅቼ የደበቅሁት እኔው ነኝ። በሩ እንደሌለ ያውቅ ነበር ሰውየው፤ ልጆቹ በበሩ ምክንያት ይቀራሉ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አናጺ ጠርቶ አስገጠመው።

ይህን ለልጅቷ ልነግራት እየሮጥሁ ወደ ሱቁ ሄድሁ። መቀሱን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ጓደኞቿ አልፈዋት እንደሄዱ፣ ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ እንደማትችል ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«ለእነሱ ይሁናቸው» አለችና መቀሱን አነሳች።