አሸክሚኝ

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት የሳር እስር አጠገቧ አስቀምጣ «እማማ፣ እባክዎ ያሸክሙኝ» አለችኝ። የኔ ጉልበት ራሱ አሸካሚ ከፈለገ ስንት ዓመቱ! ቢሆንም በአንድ እጄ ደገፍ አደረግኋትና ተነሳች፤ መርቃኝ ሄደች። የእርጥብ ሳሩ ሽታ ግን መዳፌ ላይ ቀረ። ባጃጁ መጥቶ ሲሄድም አላየሁትም።

ያደግሁት ከሻንቶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ከቤታችን በታች የመንደሩ የጋራ ሜዳ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከብት አይገባበትም። መስቀል አልፎ ሲከፈት ሳሩ ወገባችን ይደርሳል፤ ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም ሲተኛበት አጫጆቹ ከደረታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፣ የሚዋኙ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬም በሕልሜ የማየው እንደዚያ ነው። የማጭድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቁርሳችን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ ነው፣ ከዳታ ጋር። የዳታው ቃሪያ ሲያቃጥለን ጤዛ ያለበትን ሳር እንልስ ነበር፤ ልጅነት ምን የማያደርገው አለ።

የሜዳው ሕግ አጭር ነበር። በየቅዳሜው ለአንድ ቤት አንድ ሸክም። ሸክም ማለት ደግሞ አጫጁ ተንበርክኮ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ያለማንም እርዳታ ተሸክሞት የሚነሳው ነው። መነሳት ያቃተው ይቀንሳል። ሌላ ቦታ «አሸክሚኝ» ማለት እንደ ሰላምታ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ግን አይባልም። ሜዳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሽ ባሳ፣ «ብቻህን ይዘኸው የተነሳኸው ያንተ፣ የቀረው የሁላችን» ይሉ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሳሩ እስከ በልግ ዝናብ ይዘልቃል። ካልዘለቀ በጥር ላም ይሞታል፤ ይህን ሕፃኑም ያውቃል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በጉልበቴ የምኮራ፣ መሬት አልበቃ ያለችኝ ኮረዳ። ጎረቤታችን አስቴር ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዶባት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ላም ይዛ ቀርታለች። ወባ አሟት ገና ማገገሟ ነው። ያን ቅዳሜ ተንበረከከች፣ መነሳት አቃታት። ቀነሰች፣ አሁንም አቃታት። የቀራት ሳር ለጥጃ እንኳ አይበቃም። ቀና ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እህቴ፣ አሸክሚኝ» አለች።

አንጀቴን በላችው። የራሴን ሸክም መሬት ላይ ትቼ፣ የቀነሰችውን ሁሉ መልሼ አሰርኩላትና ደግፌ አስነሳኋት። ጋሽ ባሳ አይተዋል። ፊታቸውን ወደ ዳሞታ አዞሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት እናት ወገቤን አመመኝ ብላ ጠራችኝ፤ እውነቷን ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ወገቧን ያላመማት ሴት ጠፋች። እኔስ እምቢ ማለትን ከየት ላምጣው? «ጎበዝ፣ የአባቷ ልጅ» ሲሉኝ ልቤ ጮቤ ይረግጣል። ሴቶቹ እየሳቁ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ ሁለትም ሦስትም ሆነው ይደጋገፋሉ። ሸክሙ ጎጆ አከለ። እኔም እጥፍ አጭጄ፣ ያቺኑ አስቴርን «አሸክሚኝ» ብያታለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የገና በዓል ሳይደርስ ሜዳው ቀይ አፈሩን አሳየ። ጉልበት ያለን ጓሮአችን ከምረናል። አስቴር ግን ብትደገፍም ደካማ እጇ ካጨደው በላይ መውሰድ ስላልቻለች የከመረችው የለም። ያለው ሰው ደግሞ ላሜ ትሞትብኛለች ብሎ ክምሩን በዓይኑ ይጠብቃል። የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር።

በጥር የአስቴር ላም ተኝታ መነሳት አቃታት። ስምንት ሆነን ከሆዷ ሥር እንጨት አሳልፈን አነሳናት፤ ስንለቃት ወደቀች። ደግመን አነሳናት።

«ተዉአት በቃ፣ አታድክሟት» አለች አስቴር።

ማግስቱን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ የለመንኩሽ እኔ» ብላ ለልጆቿ ወተት የሌለበት ሻይ ቀዳችላቸው።

አሁን ከማስተማር ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ለማሰብ ጊዜ ሞልቷል። ለብዙ ዓመት እምቢ ማለት ነበረብኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ዛሬ ዛሬ ግን እምቢ ባልላትም ይቻል እንደነበር ይታየኛል። እኔ ቸር ነኝ ብዬ የሰጠኋት የሁላችንን ሳር ነው። የራሴ ሸክም እዚያው ከጎኗ ተቀምጦ ነበር፤ ከእሱ ሁለት እቅፍ መዝዤ ቤቷ ባደርስላት ሕጉም አይጣስም፣ ላሟም አትሞትም ነበር። ከራሴ መስጠት ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።